ሐዘንን ለማሳጠር ስንቸኩል፦ በመከራ ወራት እምነትን የሚጎዱ ስህተቶች

ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠች አንዲት እናት ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ፣ አጠገቧ የነበሩት «አማኝ እንዲህ አያዝንም» እያሉ ዝም ሲያሰኟት አይቻለሁ። ጳውሎስ ግን ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ እንጂ ጭራሽ እንዳያዝኑ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፉ ጊዜ እምነትን ስለሚያናጉ ልማዶቻችን ሳስብ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ አያለሁ፤ እርሱም ችኮላ ነው። መከራው ቶሎ እንዲያልፍ፣ ካላለፈም ያለፈ እንዲመስል እንቸኩላለን።

የመጀመሪያው ስህተት ለቅሶን እንደ ክህደት መቁጠር ነው። ከ150ው የዳዊት መዝሙራት ሲሦ ያህሉ የሰቆቃ ጸሎት ሲሆን፣ መዝሙር 88 (በግዕዙ ዳዊት 87) ጭራሽ ወደ ምስጋና ሳይዞር በሐዘን እንደ ጀመረ በሐዘን ያበቃል፤ ይህም ሆኖ ከመጽሐፉ አልወጣም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣ እንደ መጣ እያወቀ በመቃብሩ መንገድ እንባውን አፍስሷል። አባቶቻችን «እርሟን ታውጣ» ሲሉ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው፤ ያልወጣ እርም ውሎ አድሮ በእግዚአብሔር ላይ ወደ ተቋጠረ ዝምታ ይለወጣል።

ሁለተኛው፣ የመከራውን ምክንያት በሰውዬው ሕይወት ውስጥ ማሰስ ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በእኔ ግምት በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ወደሚል ምርመራ ገቡ፤ በመጨረሻው ምዕራፍም እግዚአብሔር የተቆጣው በአጉረምራሚው ኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ኢየሱስ ሁለቱንም ግምት አልተቀበለም።

«ለበጎ ነው» የሚለውም ጥድፊያ ከዚህ አይርቅም። ሮሜ 8፥28 እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ቁጥር በፊት መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድ ተጽፏልና፣ መቃተቱን ዘልሎ ወደ በጎው መድረስ አይቻልም።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳቱ የሚከፋብኝ በእግዚአብሔር ስም ቀን መቁረጥ ነው። «እስከ መስቀል ሥራ ታገኛለህ»፣ «ዘንድሮ ቪዛው ይመታልሃል» የሚል ቃል ሳይፈጸም ሲቀር፣ የሚሰበረው ተናጋሪው ሳይሆን አምኖ የጠበቀው ሰው ነው። ይህ አዲስ አይደለም። በኤርምያስ ምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለው ነቢይ ምርኮኞቹና የተዘረፈው የቤተ መቅደስ ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባቢሎን እንደሚመለሱ በሕዝቡ ፊት አወጀ፤ ኤርምያስ የተሸከመውንም ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። በቀጣዩ ምዕራፍ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ግን ቁጥሩ 70 ዓመት ነው። በየቤታችን ግድግዳ የምንሰቅለው «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ቃል የሚገኘውም እዚያው፣ ከ70 ዓመቱ ቀጥሎ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ ከነበሩት ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው ሊያዩ አይችሉም ነበር፤ የታዘዙትም ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩና ስለ ተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነበር። የተሰጣቸው ተስፋ በማያልቅ በሚመስለው ዘመን መካከል ኑሮን የሚያስቀጥል ተስፋ ነበር።

ጸሎትንና ሕክምናን ማጋጨትም በአገራችን ብዙ ሰው ያስከፈለ ስህተት ነው። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ከኤች አይ ቪ ለመፈወስ የመጡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ሲጠራ ያፈረ አይመስልም። ዛሬ ይህ ነገር በተለይ ለመንፈስ ጭንቀት መነሣት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣና ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው «ጸሎትህ ስላነሰ ነው» ሲባል ሁለተኛ ሸክም ይጫንበታልና፣ ካህኑም ሐኪሙም ያስፈልጉታል።

የመጨረሻው ብቻ መሆን ነው። ኤልያስ ሞትን የለመነው ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ከሄደ በኋላ ነበር። መልአኩም አልገሠጸውም፤ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ስለ እምነቱ የተጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ተራራ ነው፤ «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲልም 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፣ ኤልሳዕም ተሰጠው። ዕድራችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ክፍተቱ የሚመጣው ድንኳኑ ከተነቀለ፣ አርባውም ካለፈ በኋላ ስልኩ ዝም ሲል ነው። ያች እናት ከአርባው በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ሽሮ ይዛ እየመጣች አብራት ትበላ የነበረችን አንዲት ጎረቤቷን እስከ ዛሬ ታነሣለች። ሁለቱ በእነዚያ ሐሙሶች ስለ ሃይማኖት እምብዛም አያወሩም ነበር።