ረጅም የብስክሌት ጉዞን ድሬ ላይ መጨረስ፦ ጎርፍ ወይም መንቀጥቀጥ ሲያጋጥም

ሰው ረጅም ጉዞ ሲያስብ መነሻውን አሳምሮ ያቅዳል። መጨረሻውን ግን "ደርሰን እናየዋለን" ይለዋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽና በጭሮ አድርጎ ሐረርጌን በብስክሌት ለሚያቋርጥ ሰው ይሄ አያዋጣም። በአንድ በኩል ስምጥ ሸለቆው ሊነቃነቅ ይችላል፣ በሌላ በኩል የድሬዳዋ ወንዞች ክረምት ላይ አመላቸው አይታወቅም።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጉዞው የሚያልቅበትን ቦታ ሦስት አድርጉት። እኔ ጭሮን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን እመርጣለሁ። ከሦስቱም ወደ አዲስ አበባ መኪና አይጠፋም። ድሬ ገብቶ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት የሁሉም ሕልም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁኔታው ካላማረ ሐረር ላይ ፉልና ፈጢራ በልቶ "ጨረስኩ" ማለት ምንም አያሳፍርም።

ውሳኔው የሚሰጠው ደንገጎ ላይ ነው። ከጭሮ በቁልቢ በኩል መጥታችሁ ደንገጎ ስትደርሱ መንገዱ ይለያያል፤ አንዱ በአደሌ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል፣ ሌላው እየተጠማዘዘ ወደ ድሬ ይወርዳል። እዚያ ብስክሌታችሁን አቁሙ። ሻይ ጠጡ። ከድሬ የሚመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከስልካችሁ የአየር ትንበያ ይልቅ የእነሱን ወሬ አምናለሁ፣ መንገዱን አሁን ነው ያዩት። ሰማዩንም እዩት። ከኋላችሁ ተራራው ላይ ከጠቆረ፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ብትሆንም ለውጥ የለውም። የድሬ ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድሬ ላይ ከዘነበው ሳይሆን እናንተ ከቆማችሁበት ከፍታ ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው።

ደቻቱ የሚባለውን የድሬ ወንዝ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ሰፊ አሸዋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ግን ሌሊት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፣ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ወንዙ ዛሬም ያው ወንዝ ነው። በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን መትከል የሚባል ነገር ከሐሳባችሁ አውጡት፣ አሸዋው የቱንም ያህል ለጀርባ ቢመች። ማረፊያም ስትይዙ ከወንዙ ዳር ራቅ ያለና ፎቅ ያለው ይሁን፤ ብስክሌቱንም ምድር ቤት አትተዉት።

ውሃ ከመጣ ደግሞ ድልድይ እንጂ አሸዋ አትሞክሩ። ድልድዩም ላይ ውሃ ከወጣበት ተዉት። ቁርጭምጭሚት ትንሽ አለፍ የሚል ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ ጉልበት ያልደረሰው ደግሞ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ዕቃ የተጫነ ብስክሌት እየገፉ መግባት ይብሳል፤ ጎማውና ሻንጣው ውሃውን ይገታሉ፣ ውሃው ብስክሌቱን ይዞ ሲሄድ እናንተም መሪውን ይዛችሁ ትከተላላችሁ። "አቦ ምንም አይልም፣ እለፍ" የሚል ደግ ሰው ድሬ ላይ አይጠፋም። ስለ ሙቀቱ ከሆነ እመኑት። ጎርፉ ግን ብዙ ጊዜ እንደመጣ ቶሎ ይጎድላል፤ የተወሰኑ ሰዓታት መጠበቅ ነው።

የደንገጎ ቁልቁለት ለብቻው ይወራ። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቀዝቃዛው ደጋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያወርዳችኋል። ለቀናት ዳገት የገፋ ሰው እዚህ ጋ መልቀቅ ያምረዋል። ፍሬን ሳታቋርጡ አትያዙ፤ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ። ካልሆነ የጎማው ቀለበት ይግላል፣ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ዝናብ ካለ መታጠፊያዎቹ ላይ ጭቃና ድንጋይ ይወርዳል። ጫት የጫነ መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ክርክር የለም፣ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው። ጫት ቀጠሮ አለው፣ እናንተ የላችሁም። ጭጋግ ወይም ከባድ ዝናብ ከሆነ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭኖ መውረድ ይቻላል፤ ጉዞው ተቆረጠ የሚላችሁ ካለ እሱ ይንዳው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌና አካባቢው ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር። ከፈንታሌ ተራራ እስከ ዶፋን ተራራ ባለው መሬት ሥር ቅልጥ አለት እየገፋ ገብቶ ነው። ታኅሣሥ 26 የደረሰው በመለኪያው ወደ 5.8 ገደማ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ዶፋን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ከቀዬው ተነሳ። ይሄ ለብስክሌተኛ ምን ይለዋል? መመለሻችሁ በዚያው ነው። የአስፋልቱ መንገድም የጅቡቲው ባቡርም በመተሐራና በአዋሽ በኩል ያልፋሉ። አንዱ ሲዘጋ ሌላውም ላይ ጥርጣሬ አለ። ስለዚህ እንዲህ በሚንቀጠቀጥበት ሰሞን ድሬ ላይ የምትጨርሱ ከሆነ የአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ብር ለብቻ ይቀመጥ። አይነካ።

እየነዳችሁ ካንቀጠቀጠ ወዲያው ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ጎማው የተነፈሰ ይመስላል። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ከመብራት ምሰሶ፣ ከአጥርና ከገደል ሥር ራቁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ጠባቡ መንገድ በሁለት የድንጋይ ግንብ መካከል ነውና ረገብ ሲል ወደ ሰፊ ቦታ ውጡ። አንዴ ካንቀጠቀጠ መደገሙ ያለ ነው፤ ማታ ከአሮጌ ግንብ ቤት ይልቅ ሜዳ ላይ የተተከለች ድንኳን ይሻላል።

ድሬ ገብታችሁ ከተማዋ ተጎድታ ካገኛችኋት፣ የምታደርጉት ትልቁ ውለታ ቶሎ መውጣት ነው። አልጋው፣ የታሸገ ውሃውና ዳቦው ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ያስፈልጋል። በሰው ሐዘን መሃል ቆሞ ቪዲዮ መቅረጽም ነውር ነው። መርዳት ከፈለጋችሁ ለቀይ መስቀል ገንዘብ ስጡ። የቆሰለ ሰው ካጋጠማችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለቤተሰብ ደግሞ ከመደወል ይልቅ አጭር መልእክት ይቀላል፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ እሱ ሾልኮ ያልፋል። "ደህና ነኝ፣ ሐረር ነኝ፣ ነገ በመኪና እመጣለሁ" በቂ ነው። ቴሌብር ብቻ ይዞ መሄድም አደጋ ነው፤ ጥሬ ብር ያዙ።

ማሸጉ ላይ ጊዜ ስጡ። ለአውሮፕላን ካርቶን ያስፈልጋል። ብስክሌት ሻጭ ጋ ካጣችሁ ታይዋን ወደሚባለው የድሬ ገበያ ሄዳችሁ የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ለምኑ፣ ሁለቱን አጋጥሞ በፕላስተር መጠቅለል ይሠራል። ፔዳል ለመፍታት አብዛኛው 15 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋል። የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ላለመሳሳት መፍቻውን ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ግፉት፣ ሁለቱም ጎን በዚያው ይፈታል። እንቢ ካለ ጎሚስታ ጋ ውሰዱት፣ ረጅም ቱቦ መፍቻው ላይ ሰክቶ አንዴ ጫን ሲልበት ጓ ብሎ ይለቃል። መሪውን ጠምዝዙ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ፣ ጎማውን አስተንፍሱ። የፊት ጎማውን ካወጣችሁ ይዞት በነበረው ሹካ መሃል እንጨት ሰኩበት፣ ካልሆነ ተጨፍልቆ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን ለአየር መንገዱ ደውላችሁ መጠኑን ንገሩ። በአገር ውስጥ መስመር አነስተኛ አውሮፕላን ሊመደብ ይችላል፣ ካርቶኑ ላይገባ ይችላል።

ለአውቶቡስ ካርቶኑ ትርፍ ነው። ማዳበሪያ ጠቅልሉበትና በገመድ እሰሩት። ፖርቶ መጋላ (የመኪናው ጣሪያ) ላይ ሲወጣ የካቴናው ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ ከላዩም ኩንታል እንዳይጫንበት ቆማችሁ እዩ። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ሳይጫን በፊት ጨርሱ፤ ከተጫነ በኋላ ዋጋው እሱ ያለው ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው። በዚያ ሰሞን መኪናው ሁሉ ሙሉ ነው፣ አልጋም አይገኝም። የሐምሌው ደግሞ ከጎርፉ ወቅት ጋር ይገጥማል።

ብስክሌቱ ጎርፍ ውሃ ከነካው ቤት ስትደርሱ አትተዉት። ባለኃይል ፓምፕ አትልቀቁበት፣ ጭቃውን ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋል። በባልዲና በጨርቅ እጠቡት፣ ከዚያ ጎማው መሃልና ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ያለው ኩሽኔታ ተፈትቶ አዲስ ግራሶ ይግባበት። እጃችሁ ላይ ሲዞር የአሸዋ ስሜት ካለው ቀይሩት።

ራሳችሁንም ጠብቁ። ድሬ ዴንጊና ቺኩንጉንያ ታውቃለች፣ ወባም አለ፣ ከጎርፍ በኋላ የተኛ ውሃ ትንኝ ያበዛል። የዴንጊዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፣ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ "የመንገድ ድካም ነው" ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሂዱና ድሬ እንደነበራችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ዴንጊ ከሆነ ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ አትውሰዱ።