የጾም ገበታ ላይሲን እንዳይጎድለው እንዴት እናሰናዳ?

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከገበታ በሚነሡባቸው ረጃጅም የጾም ወራት ሊታሰብበት የሚገባው የፕሮቲን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው የላይሲን መጠንም ጭምር ነው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸውና የግድ ከምግብ ከሚያገኛቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች) አንዱ ሲሆን፣ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ከሚፈለገው በታች ሆኖ የሚገኘውም በቅድሚያ እርሱ ነው። አንዱ አሚኖ አሲድ ሲያንስ ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ሰውነት ፕሮቲን የሚገነባው ባነሰው ልክ ስለሆነ፣ የቀረው ተቃጥሎ ለጉልበት ይውላል እንጂ ጡንቻ አይሆንም።

ላይሲን ጡንቻ ከመገንባት ያለፈ ሥራም አለው። ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን ክሮቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በላይሲኖቻቸው በኩል ነው፤ ለዚህም መዳብ የያዘ ኢንዛይም፣ ከዚያ በፊት ላለው ደረጃ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ስብ ተቃጥሎ ጉልበት እንዲሆን የሴል ጉልበት ማመንጫ ወደሆነው ሚቶኮንድሪያ የሚያስገባው ካርኒቲንም የሚሠራው ከላይሲንና ሜታዮኒን ከሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ነው። በሴል ውስጥም ዲኤንኤ የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች በላይሲናቸው ላይ በሚደረግ ኬሚካዊ ለውጥ ጂኖች እንዲሠሩ ወይም እንዲያርፉ ያደርጋሉ።

የዕለት ፍላጎትዎን ለማወቅ የሰውነትዎን ክብደት በኪሎ ይዘው በ30 ያባዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ሚሊግራም ላይሲን ያስፈልጋልና፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊግራም ማግኘት አለበት ማለት ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 370 ሚሊግራም ገደማ ሲሰጥ፣ ያው መቶ ግራም ደረቅ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ ወደ 1,700፣ ሽንብራ ደግሞ ወደ 1,300 ይሰጣል። በቀን 300 ግራም ዱቄት የወጣበት እንጀራ የሚበላ ሰው ከጤፉ 1,100 ያህል አግኝቶ 700 ይቀረዋል፤ ይህን በወረቀት ላይ 55 ግራም የሽንብራ ሽሮ ይሞላዋል። ነገር ግን የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ፣ እኔ ከ80 እስከ 100 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ቢታሰብ እመርጣለሁ። እንጀራው የማሽላ ወይም የበቆሎ ከሆነ ከዚህም ከፍ ይበል። ቆጮ ዋና ምግቡ ለሆነ ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ ቆጮ ፕሮቲኑ ራሱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ባቄላና አተር ማጣፈጫ ሳይሆኑ የገበታው መሠረት መሆን አለባቸው።

ጥራጥሬውና እንጀራው በአንድ ቀን ውስጥ ከተበሉ ለአዋቂ በቂ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ግን የሚበላው አንዴ ወይም ሁለቴ ስለሆነ፣ ወጡ ቀጥኖ እንጀራው ከበዛ የዕለቱን ድርሻ የሚያካክስበት ሌላ ጊዜ የለውም። የሱፍ ፍትፍት፣ ሰሊጥና ኑግ ጠቃሚ ቢሆኑም ላይሲናቸው ከጥራጥሬ በእጅጉ ያንሳልና የምስርን ቦታ አይተኩም።

ማሽላን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከኢትዮጵያ ከተገኙ ማሽላዎች መካከል ላይሲናቸው ከተለመደው እጅግ የላቀ ሁለት ዓይነቶች መኖራቸውን አስታወቁ። ገበሬው እንዲህ ያለውን ማሽላ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ አንዱን «ወተት በጉንጬ» ብሎ ይጠራው ነበር። ፍሬው ለስላሳና ምርቱ አነስተኛ በመሆኑ ግን በስፋት አልተዘራም፤ በእሸትነቱ ተጠብሶ ይበላል።

አዘገጃጀቱ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ማመሱ ነው። በደረቅ ሙቀት የላይሲን ነጻ ጫፍ ከስኳር ጋር ይጣበቃል፤ ቡናማው ቀለምና ደስ የሚለው መዓዛ የሚመጡትም ከዚሁ ነው፤ የተጣበቀውን ላይሲን ግን ሰውነት ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ለሽሮ የሚሆን ሽንብራ ወይም አተር ሲታመስ ልጣጩ እስኪላቀቅና ሽታው እስኪወጣ ብቻ ይታመስ፤ ጠቆር ያለ ሽሮ የሚወድ አይጠፋም፣ ጣዕሙንም አልክድም፣ ለዕለት ምግብ ግን ፈዘዝ ያለው ይሻላል። በውሃ መቀቀል ያን ያህል አይጎዳውም። ባቄላን ዘፍዝፎ ማብቀል የላይሲኑን መጠን ባይጨምርም ሆድ የሚነፋውን ስኳርና ብረትን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል።

ጓያ ላይሲን የበዛበት ቢሆንም ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ ስላለው በዚህ ስሌት ውስጥ አይግባ።

ሕፃናት አይጾሙም፤ ሆኖም የእናታቸው ጓዳ የጾም ሲሆን የእነርሱም ምግብ ወደ እህል ያዘነብላል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በኪሎ 45 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነም በእህል ገንፎ ብቻ አይሞላለትም። ሁለት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተመጥኖ የተፈጨ ዱቄት ጥሩ መነሻ ነው፤ እንቁላልና ወተት ከተገኘ ግን ለልጁ አይከልከል።

ከንፈር ላይ ለሚወጣው ምች የላይሲን ክኒን የሚገዙ ሰዎች አሉ። ምቹን የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ላይሲን ተመላልሶ እንዳይመጣ እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ክኒኑ በብዛት ሲወሰድ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ክኒኑን ከመጀመሩም፣ የጥራጥሬውን መጠን ከማብዛቱም በፊት ሐኪሙን ያማክር።