ሰፊ ቅጠል ፊላን ከጠባብ ቅጠል ፊላ እንዴት እንለያለን?

ረግረግ ላይ በቅሎ ጫፉ ላይ ቡናማ ራስ ያለው ረጅም ሳር መሳይ ነገር ሁሉ ፊላ ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ግን ታይፋ ላቲፎሊያ (ሰፊ ቅጠሉ) እና ታይፋ አንጉስቲፎሊያ (ጠባቡ) የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ለመለየት ማስመሪያና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይበቃል። ፎቶ አይቶ ስም የሚናገር አፕ እዚህ ላይ እኔ አላምነውም፣ ልዩነቱ ያለው ልኬት ላይ ነዋ።

በቅጠሉ ጀምሩ። የሰፊው ትልቁ ቅጠል ወርዱ ከ10 እስከ 23 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የጠባቡ ከ4 እስከ 12። ቁጥሩ ይደራረባል፣ 11 ካገኛችሁ ገና ምንም አላወቃችሁም ማለት ነው።

ዋናው ስራ ያለው ራሱ ላይ ነው። ታች ያለው ወፍራም ቡናማ ክፍል ሴቴ አበባ ነው፣ ከላዩ ያለው ቀጭኑ ወንዴ። ሰፊው ላይ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተያይዘው ነው የሚቀመጡት፣ ጠባቡ ላይ ግን መሃላቸው ባዶ አገዳ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 8 ሳንቲሜትር። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ወንዴው ብናኙን ከበተነ በኋላ ይረግፍና ከላይ ባዶ እንጨት ብቻ ይቀራል፣ ሰው ደግሞ እሱን እንደ ክፍተት ለክቶ ሰፊውን ጠባብ ነው ብሎ መዝግቦ ይሄዳል። ስለዚህ የሚሻለው ወንዴው ገና ቢጫ ብናኝ ይዞ ሳለ መሄድ ነው፣ ከረፈደ ግን አገዳውን በጣት ዳብሱት፣ ወንዴው የነበረበት ይሻክራል፣ እውነተኛው ክፍተት ልስልስ ነው።

ፍሬ ከያዘ ውፍረቱንም ለኩ፣ የሰፊው ሴቴ ከ24 እስከ 36 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ የጠባቡ ከ13 እስከ 22። ይሄኛው እንደ ቅጠሉ አይደራረብም፣ ለዛ ነው የምወደው።

አንድ ራስ ለክታችሁ ግን አትመለሱ። ፊላ ጭቃ ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ስለሚራባ ጎን ለጎን የቆሙት ብዙ አገዳዎች አንድ ተክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ራቅ ራቅ ካሉ ቦታዎች ምረጡ።

ልኬቱ ሁሉ መሃል ላይ ከዋለባችሁ ድቅል ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ይዳቀላሉ፣ ድቅሉም ታይፋ ግላውካ ይባላል። ማይክሮስኮፕ ካለ ብናኙን እዩት፣ የሰፊው አራት አራት ሆኖ ተጣብቆ ነው የሚገኘው፣ የጠባቡ ነጠላ ነጠላ፣ የድቅሉ ደግሞ የተደባለቀ። ከሌላችሁ ዝርያ የሚለውን ባዶ ትታችሁ ልኬቶቹን ብቻ ጻፉ።