አልለቅ ያለ የእግር ፈንገስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የእግር ፈንገስ ለማዳን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግን ዓመት ሙሉ የሚመላለስበት ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አቀባቡ ላይ ወይም ጫማው ላይ ነው። እስቲ ከምልክቱ እንነሳ።

በትንሿ ጣትና በአጠገቧ ባለችው መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይርሳል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል

በብዛት የሚታየው ይሄኛው ነው። ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው ስለሚውሉ ላቡም ውሃውም እዚያው ይቀራል፤ ፈንገሱ የሚፈልገውም ሙቀትና እርጥበት ነው። ክረምቱን በቦቲ የሚያሳልፍ ሰው፣ ሽፍን ጫማ አድርጎ የሚያድር ጥበቃ፣ በጋራ ሻወር በባዶ እግሩ የሚገባ ተማሪ በቀላሉ ይይዛቸዋል።

እግራችሁን በሳሙና ታጠቡና በየጣቱ መሃል ፎጣ አስገብታችሁ አድርቁ። ይቺን የሚዘልላት ሰው ብዙ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ደግሞ ብዙም አይረዳም። ከዚያ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ክሬም በቀን 2 ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከሽፍታው ዳር ትንሽ አልፋችሁ፣ ጤነኛ የሚመስለውንም ቆዳ ጨምሩ። ተርቢናፊን ክሬም ካገኛችሁ ጊዜው ያጥራል፤ ለጣት መሃል ብዙ ጊዜ 1 ሳምንት ይበቃል።

ቀባሁት፣ ዳነ፣ ተመለሰ

ማሳከኩ በጥቂት ቀን ይተዋል። ያኔ ቱቦው መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል። ፈንገሱ ግን ገና ቆዳው ውስጥ አለ። ክሎትሪማዞል ከሆነ እግሩ ንጹህ ከመሰለ በኋላም 2 ሳምንት ቀጥሉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጫማው ነው። ዛሬ በላብ የራሰ ጫማ ነገ ጠዋት አይደርቅም። ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግ፣ ያደረውን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ካልሲ በየቀኑ መቀየር። ብሽሽት አካባቢም ማሳከክ ከጀመረ ስትለብሱ ካልሲውን ከፓንት በፊት አድርጉ፤ ፓንቱ እግር ላይ ሲያልፍ ፈንገሱን ይዞ ይወጣል።

ስቀባው ማሳከኩ ይጠፋል፣ ሽፍታው ግን ይሰፋል

የቱቦውን ጽሑፍ አንብቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል፣ የቆዳውን መከላከያ ግን ስለሚያዳክም ፈንገሱ እንደልቡ ይስፋፋል። ጎረቤት «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብላ የምታውሰው ቅባት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ሐኪም ካላዘዘላችሁ አቁሙትና ፋርማሲስቱን የፈንገስ ክሬም ብቻ ጠይቁ። ነጭ ሽንኩርትና በረኪናም ይቅርባችሁ፤ ቆዳ ያቃጥላሉ።

ውስጥ እግር ዱቄት እንደተነሰነሰበት ደርቆ ይላጣል፤ ወይም ጥፍሩ ወፍሮ ቢጫ ሆኗል

ድርቀት ነው ተብሎ ቫዝሊን ሲቀባ የሚከርመው ይሄ ነው። ውስጥ እግር ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ክሬሙ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም በሚዋጥ መድኃኒት ካልሆነ አይለቅም። ጥፍር ውስጥማ ክሬም በደንብ አይገባም። ለእግር ጥፍር የተርቢናፊን ኪኒን ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ሐኪም ሳያይ አይጀመርም።

እግሩ ቀልቶ ካበጠ፣ መግል ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ባክቴሪያ ገብቶበታልና በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ትንሽ ስንጥቅም ብትሆን ገና ከጅምሩ ያሳይ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ካለ አብሯችሁ ይታከም፤ ፎጣና ነጠላ ጫማ ግን ለየብቻ።