የዝሆኔ ሕሙማን ምዝገባ በጎጃም፦ ከሳፋው እስከ ወረዳው ዕቅድ

ደጃፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት እግሩ ያበጠ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅ መዝጋቢ የሚያገኘው መልስ «የለም» ነው። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት የታመመውን ጓዳ ያስገባዋል፤ ቤቱ ዝሆኔ አለበት ከተባለ አማች አይመጣማ። ስለዚህ ለምዝገባ የሚወጣ ዳታ ሰብሳቢም ሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከቅጹ ጋር ሳፋ፣ ሳሙናና ፎጣ ይዞ ይውጣ። እግር እንደሚታጠብ ከተሰማ ትናንት የተደበቀው ዛሬ ራሱ ይመጣል።

እዚህ ዝሆኔ የምንለው ፖዶኮኒዮሲስን ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተሠራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ይዘልቅና የሊምፍ ቧንቧዎችን (በሰውነት ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን) ያቆስላል፣ ይዘጋል። ትል የለበትም፣ ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ብሔራዊ ዕቅድ አካታዋለች።

ስንት ሰው ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም የቤት ለቤት ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 51,017 ሰዎች 1,704 ሕሙማን አግኝቷል፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ 3,000 ጎልማሳ ባለበት የደጋ ወይም የወይና ደጋ ቀበሌ 100 ያህል ሰው ጠብቁ። ሃያ ብቻ መዝግባችሁ ከሆነ ቀበሌው ጤነኛ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሰው አልወጣላችሁ እንደሆነ ጠርጥሩ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ቢያንስ አይግረማችሁ።

ቀን ስትመርጡ ማረሻ የማይነሳበትን ምረጡ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ ገበሬው ቤቱ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ አትድረሱ። ማኅበር ያለበት ቤት ከገባችሁም ጠላው ሳይገፋ ሥራችሁን ጨርሱ፤ ሞቅ ካለው ሰው የተወሰደ የፈቃደኝነት ስምምነት ስምምነት አይባልም። የገበያ ቀን ቤቱ ባዶ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱም ሰዉም አይገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ «በዘር አይመጣም» ብላችሁ አታስተምሩ። ይህ ዓረፍተ ነገር በበጎ ሐሳብ ይነገራል፣ ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነቱ በቤተሰብ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ሕዝቡም በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም ያያል፤ ዓይኑ ያየውን ስትክዱት የቀረውንም ምክራችሁን ይጥለዋል። እንዲህ በሉ፦ «ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይመጣል፤ በሽታው ግን ያለ አፈሩ አይመጣም። ልጆችዎ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ጫማ ካደረጉ፣ እግራቸውንም ከታጠቡ አይያዙም።»

እግሩን ማየት

ዝሆኔ ከጣቶችና ከመርገጫ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ እኩል ባይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል። እብጠቱ ከላይ ከጭን ጀመረ ካሏችሁ፣ ቆለጥም ካበጠ፣ ሰውየውም ቆላ የኖረ ከሆነ ትንኝ የሚያስተላልፈውን ፊላሪያሲስ አስቡ። የፊላሪያሲስ መመርመሪያው ስትሪፕ (ደም የሚንጠባጠብበት ቀጭን ቁራጭ) 75 ማይክሮ ሊትር የጣት ደም ይፈልጋል፤ የሚነበበው ልክ በ10ኛው ደቂቃ ነው። ዘግይቶ የተነበበ ስትሪፕ የሌለ መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ ሰዓቱን ስትሪፑ ላይ ጻፉ።

የሥጋ ደዌን ለመለየት ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ መርገጫውን በጥጥ ጫፍ ንኩት። የዝሆኔ ሕመምተኛ ይሰማዋል፤ የማይሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ፊትና ሆድ ጭምር ካበጠ፣ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው ልብ ወይም ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ፋሻ አታስሩለት፤ ላኩት። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ካመመ በዚያው ቀን ይሂድ።

ደረጃው አምስት ነው። አንደኛው ሌሊት ተኝቶ ሲያድር የሚጎድል እብጠት ነው። ሁለተኛው ከጉልበት በታች ሆኖ አድሮም ሙሉ በሙሉ የማይጎድል፣ እባጭ (በቆዳው ላይ የሚወጣ ጉብታ) ቢኖር እንኳ ከቁርጭምጭሚት በታች የሆነ ነው። እባጩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከወጣ ሦስተኛ፣ እብጠቱ ጉልበትን ካለፈ አራተኛ፣ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ካለ አምስተኛ ይባላል። ዙሪያውን ከጉልበት በታች በሰፋው ቦታ ለካችሁ የየእግሩን ለየብቻ መዝግቡ። ሰዓቱንም ጻፉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተለካና ከእርሻ መልስ ማታ የተለካ እግር አንድ አይሆንም፤ ብዙ «ለውጥ አልታየም» የሚል ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

«እግሬ ተነሣብኝ» የሚባለውን መቁጠር

ከሁሉም ቁጥሮች የበለጠ የሚያታልለው ይህ ነው። እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ብሽሽቱ ይቆጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ሰውየው ለቀናት ይተኛል። አንዱ ጎጥ «ምች» ሊለው ይችላል፣ ሌላው «ተነሣብኝ»። ቃሉን በመጀመሪያው ቀን ጠይቃችሁ በቅጹ ላይ እሱን ተጠቀሙ።

በላይ የጠቀስነው የጎጃም የቤት ለቤት ጥናት ሰዎችን ያለፈውን ዓመት አስታውሰው እንዲናገሩ ጠይቆ በአማካይ አምስት ጊዜ፣ በድምሩም 90 የሕመም ቀን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የምሥራቅ ጎጃም የሕክምና ሙከራ ግን 696 ሕሙማንን ይዞ፣ እያንዳንዳቸው ቤታቸው በሚያስቀምጡት ማስታወሻ እየመዘገቡ፣ ወር በወር ተከታተለ። ሕክምናውን፣ ማለትም የእግር እጥበቱንና እንክብካቤውን፣ ወዲያው ያልጀመሩት በዓመት 23.9 ጊዜ፣ የጀመሩት 19.4 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። የሁለቱ ጥናቶች ሰዎች አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም አምስትና ሃያ አራትን ያራራቀው በዋናነት አጠያየቁ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ የተሻለውን ሕመም በዓመቱ አያስታውሰውም።

ስለዚህ «በዓመት ስንት ጊዜ?» አይባል። «አንቱ፣ ከጥምቀት ወዲህ እግርዎ ስንት ጊዜ ተነሥቶ አስተኛዎት?» ይባል፤ ከዚያ ወር በወር በማስታወሻ ይቀጥል። ማንበብ ለማይችሉት ተማሪ ልጅ ካለ እሱ ቀኑ ላይ ጭረት ያድርግ። ከሌለ ሁለት ጣሳ ስጡ፣ አንዱ ጠጠር ያለበት፣ ሌላው ባዶ፤ በታመሙበት ቀን አንድ ጠጠር ወደ ባዶው ይጣል። ጠጠር ይሁን እንጂ ሽምብራ አይሁን፤ ልጆች ይቆረጥሙታል። በሁለት ሕመም መካከል ስንት ጤነኛ ቀን ሲያልፍ «አዲስ» እንደሚባል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ወስኑ፤ አለበለዚያ አንዱ መዝጋቢ ሦስት ያለውን ሌላው አንድ ይለዋል።

እጥበቱ

ውኃው ንጹሕና ለብ ያለ ይሁን፤ በክርናችሁ ሞክሩት። እብጠቱ ከሚያልቅበት ከላይ ጀምራችሁ ወደ ጣቶች ውረዱ። በእጅ ወይም በለስላሳ ጨርቅ እንጂ በብሩሽና በድንጋይ አይፈተግም፤ የተጫረ ቆዳ ለጀርም የተከፈተ በር ነው። በየእጥፋቱ ግቡ። ውኃው ጥርት እስኪል አለቅልቁ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፈዝፍ። በረኪና የምትጨምሩ ከሆነ በቆብ እየገመታችሁ አይደለም፤ የጠርሙሶቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጤና ጣቢያው ለያዛችሁት ዓይነት የወሰነውን መጠን ተከተሉ። በወላይታ የተሠራ ሙከራ በመዘፍዘፊያው ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን በመጨመር ውኃውን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር አውርዶታል፤ ውኃ በጀርባ ለምታመጣ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማድረቁ ላይ ሰው ይቸኩላል። ፎጣው አይፈትግ፣ ይጫን። በጣቶች መካከል ንጹሕ ቀጭን ጨርቅ አስገብታችሁ አድርቁ፤ እዚያ የቀረ እርጥበት ፈንገስ ይሆናል፣ ፈንገሱ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ሕመሙን ያስነሣል። በጣቶች መካከል የዊትፊልድ ቅባት (የፈንገስ መድኃኒት)፣ በተቀረው እግር ላይ ቫዝሊን። ቫዝሊን በጣቶች መካከል አይገባም።

ፋሻው ከጣቶች ሥር ተነሥቶ ወደ ጉልበት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ። ጣት ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ይፈታ። እግሩ በተነሣበት ቀን ፋሻም እንቅስቃሴም የለም፦ ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ እርጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግበት፣ ውኃ ይጠጣ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ትኩሳቱ ካየለ፣ ካስታወከው ወይም ከቃዠ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

በረባሶ አፈር ያስገባል፤ ኮንጎ ያልባል፣ ያለ ካልሲ ይቆርጣል። ጠበል የሚሄደውን «ተው» አትበሉ፤ ሲመለስ እግሩን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያድርቅ በሉት። የሰጣችሁት ሳሙና ለልብስ ማጠቢያ ማለቁም አይቀርም፤ ከመቆጣት ለቤቱ ተጨማሪ መያዝ ይሻላል።

ቁጥሩን ወረዳ ማድረስ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በሰኔ የሚደርስ ቁጥር ለከርሞ ነው። ለወረዳው አንድ ገጽ ይበቃል፦ በየቀበሌው ስንት ሰው፣ ሴት ወንድ፣ ደረጃ፣ ቁስል ያለው፣ በወር የጠፋ የሥራ ቀን። ስም አይኑርበት፤ የስምና የኮድ መዝገብ ጤና ኬላ ተቆልፎበት ይቀመጥ። የዕቃውን ጥያቄ ከቁጥሩ አውጡት፦ ፋሻ ለሚያስፈልገው እግር ሁለት ፋሻ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላው ታጥቦ ይደርቃል፤ 100 ሰው በሁለት እግሩ ከፈለገ 400 ይሆናል። ሳሙናን በግምት አትጻፉ፤ በአሥር ቤት አንድ ሳሙና ስንት ቀን እንደቆየ አይታችሁ አባዙት።

ሰፊ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ለክቶ ማሰፋት የተለመደ ስሕተት ነው። እጥበቱና ፋሻው በትክክል ከተያዘ እግሩ ይጎድላል፤ በሦስተኛው ወር ያ ጫማ እየተንሸራተተ ተረከዙን ይልጠዋል። መጀመሪያ ካልሲና የሚላላ ጫማ ስጡ። የሚሰፋውን በዚያው ሜትር፣ በዚያው ሰዓት ዳግም ከለካችሁ በኋላ እዘዙ።