ሳንክት አንቶን ስኪ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ገና ሳትከፍሉ

ኦስትሪያ ቲሮል ውስጥ ያለችው ሳንክት አንቶን አም አርልበርግ ለስኪም ለጭፈራም ስሟ የገነነ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ግን ሳምንቱ የሚበላሽበት ሁለቱን አስማምቶ ሳያቅድ ስለሚሄድ ነው፣ ወይ ሲጨፍር አድሮ ጠዋት መነሳት ያቅተዋል ወይ ደግሞ በጊዜ ልተኛ ሲል ከመስኮቱ ስር ያለው ሙዚቃ አያስተኛውም። ስለዚህ በመጀመሪያ የት ሰፈር ነው የማድረው የሚለውን ጨርሱ፣ ዋጋ ማወዳደሩ ከዛ በኋላ ይደርሳል።

መሀል ከተማው መኪና የማይገባበት የእግረኛ መንገድ ነው፣ ጋልዚግባን የሚባለው ኬብል ካርም እዛው አጠገብ ነው የሚነሳው፣ ማታ መውጣት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ግን እንቅልፉ ለቀለለ ሰው አይሆንም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወይም ጀማሪ ከሆናችሁ ናሰራይን የሚባለውን ሰፈር እዩት፣ ከጫጫታው ራቅ ያለ ነው፣ ወደ ተራራው የሚያወጣ የራሱ የስኪ ሊፍት አለው፣ የጀማሪ ሜዳውም እዛው ነው። ሆቴሉ ከሊፍት ምን ያህል እንደሚርቅ ካርታ ላይ ራሳችሁ ለኩት፣ «ቅርብ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ፣ የስኪ ቡት አድርጎ ስኪ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አስር ደቂቃም ቢሆን ጉልበት ይጨርሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ወቅቱ በአብዛኛው ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት፣ ከዛ ደግሞ በፌብሩዋሪ የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን ዋጋው ይሰቀላል ሰልፉም ይረዝማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጃንዋሪ አጋማሽ ነው የምመርጠው፣ ብርዱ ይከብዳል ግን በረዶው ጥሩ ነው ቦታም አለ። ብዙ ሆቴሎች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚያከራዩ ቅዳሜ በመኪና የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ትራፊክ ይጠብቀዋል፣ ባቡሩ በጣም ይሻላል፣ ጣቢያው ከተማው ውስጥ ነው፣ ከኢንስብሩክ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከዙሪክ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፣ ሳንክት አንቶን ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ስኪ አርልበርግ የሚባለው የአካባቢው የስኪ ቦታ ሌህና ዙርስ ከሚባሉት ጎረቤት መንደሮች ጋር ተያይዞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንሸራተቻ አለው፣ ግን እዚህ ሰማያዊ (ቀላል) ተብሎ ምልክት የተደረገበት መስመር ሌላ ቦታ ቀይ (መካከለኛ) ሊባል ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲወርድ በረዶው ተቆላልሎ ጉብታ ይሆናል። ስኪሩት የሚባሉት መስመሮችም ምልክት አላቸው ግን በማሽን አይስተካከሉም፣ ጀማሪ እዛ አይግባ። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀናት አሰልጣኝ ያዙ፣ ደግሞ ቦታው የስኪ ትምህርት አገር ነው፣ ሀነስ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1921 የስኪ ትምህርት ቤት የከፈተው እዚህ ነው፣ የአርልበርግ ዘዴ ተብሎ በዓለም የተሰራጨውም የሱ አስተማመር ነው። ጓደኛዬ ያስተምረኛል የሚለውን ተዉት፣ ጓደኛችሁ የሚወስዳችሁ እሱ ወደሚወደው ዳገት ነው።

ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አትግዙ፣ ተከራዩ፣ ኪራዩንም ቀድማችሁ በኦንላይን ያዙ። ቡቱን ግን ሳትቸኩሉ ለኩት። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ነካ ያደርጋል፣ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ተረከዛችሁ ከተነሳ ቡቱ ሰፊ ነው ማለት ነው። አንድ ቀጭን ረጅም ካልሲ ይበቃል፣ ሁለት መደረብ ይበልጥ እግር ያቆስላል ይበርዳልም። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፣ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛችኋል። ሄልሜት፣ ጎግል፣ የጸሐይ ክሬም የግድ ነው፣ በረዶው ጸሐዩን ወደ ፊታችሁ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ደመና ቢሆንም ያቃጥላል። ስኪ ፓሱን፣ ማለትም የሊፍት መግቢያ ካርዱን፣ በግራ ኪስ ለብቻው ከስልክ አርቃችሁ ያዙት፣ የሊፍቱ በር የሚያነበው በግራ በኩል ነው።

አፕሬ ስኪው፣ ማለትም ከስኪ በኋላ ያለው መጠጥና ጭፈራ፣ ደግሞ ማታ ሳይሆን ከሰዓት ነው የሚጀምረው፣ ሞዘርቪርት የሚባለው ከከተማው በላይ መንሸራተቻው ዳር ያለው ቤት ከ15:30 ጀምሮ ሰው የስኪ ቡቱን እንዳደረገ ይጨፍርበታል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ አንዴ ሳታዩት አትመለሱ። ግን ከዛ በኋላ ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ይጨልማል በረዶውም ወደ ሌሊት ይጠጥራል፣ ከጠጣችሁ ስኪውን ተሸክማችሁ በእግር ውረዱ፣ ወይም መጀመሪያ ከተማ ወርዳችሁ ዕቃችሁን አስቀምጡና እዛው ታች ያለው ባር ግቡ። ለዚህ ብላችሁ በሳምንቱ መሀል አንድ ቀን ስኪ የሌለበት አድርጉት፣ የዛን ዋዜማ እንደልባችሁ አምሹ፣ እግራችሁም ያርፋል።

ኢንሹራንስን በመጨረሻ አትተዉት። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ሽፋን ስኪን ላይጨምር ይችላል፣ የክረምት ስፖርትና የሄሊኮፕተር ማዳን የሚል በጽሁፍ መኖሩን አንብባችሁ አረጋግጡ፣ ከመስመር ውጪ መንሸራተትን የማይሸፍንም ብዙ አለ። ከመስመር ውጪ መውጣት ካማራችሁ ያለ ጋይድ፣ በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሳሪያ፣ አካፋና መውጊያ ዘንግ ሳይያዝ አይሞከርም፣ የናዳ አደጋው ከ1 እስከ 5 በደረጃ ስለሚወጣ ጠዋት ጠዋት እዩት። የኦስትሪያ የተራራ አደጋ ስልክ 140 ነው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።