ዋናው ሳይት ሲወድቅ፦ ሬፕሊካን በስክሪፕት ማውንት ማድረግ

ሬፕሊካውን (በሌላ ሳይት ያለውን የዲስክ ቅጂ) ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማውንት ማድረጉ፣ ማለትም በአንድ ፎልደር በኩል እንዲከፈት ማያያዙ፣ ራሱ የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ጣጣው ከዚያ መስመር በፊት ነው ያለው። ሌሊት ላይ፣ ስልክ እየጮኸ፣ አለቃ "መቼ ነው የሚነሳው?" እያለ ማንም ቅደም ተከተሉን በቃሉ አያስታውስም። ስለዚህ ስክሪፕት ይጻፍ፤ ግን ያልገባው ነገር ሲገጥመው ቀጥ ብሎ የሚቆም ይሁን።

መጀመሪያ፣ ዋናው ሰርቨር በእርግጥ ሞቷል? ፒንግ ("አለህ ወይ?" የሚል የኔትወርክ መልእክት) ስላልመለሰ ብቻ ሞቷል አይባልም፤ መሃል ያለው መስመር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሳይቶች በየፊናቸው መጻፍ ከጀመሩ ሁለት የተለያየ ዳታ ይኖራችኋል፣ በኋላ የሚያስታርቃቸው አይገኝም፣ የአንዱን መጣል ግድ ይሆናል። ይህን ውሳኔ ለስክሪፕቱ አትስጡት። ሰው ይወስን። "አዎ" ብሎ ኢንተር መምታት ስለሚለመድ፣ የሳይቱን ስም ሙሉ በሙሉ እንዲጽፍ ጠይቁት። እግረ መንገዱንም ስክሪፕቱ ሬፕሊካው ከዋናው ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ያሳየው፤ ቅጂው አሲንክሮነስ ከሆነ፣ ማለትም ዋናው ሬፕሊካው እስኪጽፍ ሳይጠብቅ የሚቀጥል ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ጽሑፎች ላይደርሱ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሬፕሊካውን ወደ ዋናነት ማሳደግ ነው። ዲአርቢዲ (ዲስክን በኔትወርክ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚቀዳ የሊኑክስ ሶፍትዌር) ላይ ሰከንደሪ (ቅጂ ተቀባይ) የሆነው ወገን ፕራይመሪ (ዋና) ካልሆነ ማውንት አይደረግም። የስቶሬጅ ሳጥኖችም ብዙ ጊዜ ሬፕሊካውን መጻፍ ከልክለው ነው የሚያቀርቡት። እዚህ ጋ የትዕዛዙን መመለሻ ኮድ (ተሳካ ወይም አልተሳካም የሚለውን ቁጥር) ብቻ አትመኑ። ትዕዛዙ "እሺ" ብሎ ዲስኩ ገና ዝግጁ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ሁኔታውን እየጠየቀ የሚጠብቅ፣ ገደቡ ሲያልፍ ደግሞ ስህተት ብሎ የሚወጣ ሉፕ አስገቡ።

ከዚያ ሰርቨሩ አዲሱን ዲስክ እንዲያይ የስካዚ ዲስኮችን እንደገና ማሰስ፣ መልቲፓዝን (ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱ ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ የሚያሳየውን) ማደስ፣ የኤልቪኤም (ዲስኮችን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ቮልዩም የሚከፋፍለው ሶፍትዌር) ቮልዩም ግሩፑን አክቲቬት ማድረግ። ይሄ ቀላል ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ፦ ዲስኩን "ኤስዲቢ" ብላችሁ አትጥሩት። ይህ ስም ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። በዩዩአይዲ (በማይቀያየር መለያ ቁጥሩ) ወይም በመልቲፓዝ ስሙ ጥሩት።

ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) የሚመጣው መብራት ድንገት እንደጠፋበት ማሽን ሆኖ ነው። ጆርናሉ (ያላለቁ ጽሑፎች የሚመዘገቡበት ማስታወሻ) መጀመሪያ ይስተካከላል፣ ይህ ደግሞ መጻፍ ማለት ነው። ኢኤክስቲ4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ለንባብ ብቻ ማውንት ቢደረግ እንኳ ጆርናሉን ያስተካክላል፤ በእርግጥ ሳትነኩ ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ "ኖሎድ" የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ኤክስኤፍኤስ ለሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም "ኖሪከቨሪ" አለ፣ እሱም ከንባብ ብቻ ጋር ነው የሚሄደው። ኤፍኤስሲኬን (ፋይል ሲስተም ፈትሾ የሚጠግነውን ትዕዛዝ) ለሁሉም ጥያቄ "አዎ" እንዲል አድርጎ ስክሪፕት ውስጥ መክተት ግን እኔ አልመክርም፤ ሰው ሳያይ የሚጠገን ፋይል ሲስተም ምን እንደጣለ አይታወቅም። ዳታቤዝ ካለ ደግሞ የዳታውና የሎጉ ቮልዩም በአንድ ኮንሲስተንሲ ግሩፕ (ሁሉም በአንድ ቅጽበት ላይ እንዲቆሙ በሚያደርግ ስብስብ) አብረው መቀዳታቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የተለያየ ሰዓት ላይ የቆሙ ከሆነ ምንም ስክሪፕት አያድናችሁም።

ሙከራ ስታደርጉ ሬፕሊካውን ራሱን አትንኩ። ስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት ቅጂ) አንሱና በሱ ሞክሩ። ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ሰርቨር ላይ ከታየ ግን ዩዩአይዲው መንታ ስለሚሆን ኤልቪኤም ግራ ይጋባል፣ ኤክስኤፍኤስም ማውንት አልደረግም ይላል። ለመጀመሪያው "ቪጂኢምፖርትክሎን"፣ ለሁለተኛው "ኖዩዩአይዲ" የሚባለው አማራጭ መፍትሔ ነው።

ማውንት ከሆነ በኋላ ወዲያው አፕሊኬሽኑን አታስነሱ። "ማውንትፖይንት" በሚለው ትዕዛዝ ይረጋገጥ። ማውንቱ ሳይሳካ አፕሊኬሽኑ ከተነሳ ማውንት ሊደረግበት በነበረው ባዶ ፎልደር ላይ፣ ማለትም ሩት ዲስኩ (የሰርቨሩ ሲስተም ያለበት ዲስክ) ላይ፣ ዝም ብሎ ይጽፋል፤ ሰው የሚነቃው ዲስኩ ሲሞላ ነው። ይህን ለመከላከል ባዶውን ፎልደር አስቀድማችሁ በ"ቻተር" ትዕዛዝ እንዳይነካ ቆልፉት፤ ማውንት ማድረግን አይከለክልም።

በመጨረሻ የድሮው ሰርቨር ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ ምን ማውንት እንደሚያደርግ የሚዘረዝር ፋይል) ላይ እነዚህ ቮልዩሞች "ኖአውቶ" ይሁኑ። አለበለዚያ መብራት ሲመለስለት ራሱ ማውንት አድርጎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል።